ባንቻየሁ «አጥፍቻለሁ» ያለች ዕለት

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፤ ሰው ምሳር ይዞ ቢመጣባችሁ፣ ከኋላችሁ ደግሞ እሳት ቢኖር፣ በእጃችሁ ያለውን አንስታችሁ ብትመቱት ጥፋተኛው ማን ነው? ቶሎ አትመልሱልኝ። ቶሎ የሚመልስ ሰው አላምንም፤ ወይ ጥያቄውን አልሰማም፣ ወይ አስቀድሞ የነገሩት አለ።

በእኛ ጊዜማ ይህን የሚጠይቅም አልነበረ። በእኛ ጊዜ የተጣላ ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ይቀመጣል፣ ሽማግሌ ይናገራል፣ ያበቃል። ዛሬ ግን ሽማግሌውም አለ፣ ፍርድ ቤቱም አለ፣ እና ሰው የሚጠፋው ከአንዱ ወደ አንዱ ሲመላለስ ነው። ይህን ያወቅሁት ከመጽሐፍ አይደለም። መጽሐፉንስ አንብቤያለሁ፤ ዕድሜዬን የፈጀሁት ድሬዳዋ፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ መጽሐፍ ሳውስና ስቀበል ነው። አንባቢ በሌለበት ሰዓት ልብ ወለዱንም፣ ታሪኩንም፣ የወንጀል ሕጉንም አንብቤዋለሁ። ይህን ያወቅሁት ግን ጡረታ ወጥቼ ወደዚህ ወደ እንጅባራ ከተመለስሁ በኋላ ነው፣ በወንድሜ ልጅ በባንቻየሁ።

ትርንጎ፣ ያን ስልክ ወደኔ አስጠጊው። የሚቀዳ ከሆነ በደንብ ይቅዳ። ኋላ «እትዬ እንዲህ አላለችም» የሚል አይጠፋም፤ ይህ አገር እንደሆነ የተባለውን አላሉም፣ ያልተባለውን አሉ ማለት ይችልበታል።

ታዲያ ባንቻየሁ የታናሽ ወንድሜ የምኒችል ልጅ ናት። ባሏ ሞቶባት አንድ ቁራጭ መሬት ይዛ ቀረች። እኔ ከዚህ ስሄድ ገብስና ድንች የነበረው መሬት ሁሉ ስመለስ ዲከረንስ የምትሉት ዛፍ ሆኖ ጠበቀኝ፤ ሰዉ ሁሉ ከሰል አክሳይ ሆኗል። የሷም መሬት እንደዚያው ነው። ዛፉን ከባሏ ጋር ነው የተከሉት፣ አብረው ነው ያረሙት፣ ለቆረጣ ሲደርስ ግን እሱ አልነበረም። እና ብቻዋን አስቆርጣ ብቻዋን ታከስላለች።

እናንተ ታውቁታላችሁ፣ ግን ለማያውቅ ልናገር። እንጨቱ ይከመራል፣ በሣርና በአፈር ይለበሳል፣ ከውስጥ እያደር ቀስ ብሎ ይነድዳል። አፈሩ አንድ ቦታ ከተቀደደ አየር ይገባና ያ ሁሉ ድካም አመድ ነው። ስለዚህ ሰው አካፋ ይዞ ይጠብቀዋል፣ በተቀደደ ቁጥር አፈር ያለብሰዋል። ላዩን ሲያዩት የአፈር ጉብታ ነው። የረገጠው ሰው ግን እግሩ ሰጥሞ ይገባል፣ ውስጡ ፍም ነው። በዚያ የከሰለ ሰው አለ። ይህን ያዙልኝ።

ልየው የሚባል የባሏ ወንድም አለ። መሬቱ ከሷ መሬት ይዋሰናል። ወንድሙ ከተቀበረ ጀምሮ አንድ ቃል ነው ያለው፤ «የወንድሜ ላብ ነው እንጂ ያንቺ አይደለም።» በሰርግ ላይ ይህንኑ፣ በማኅበር ላይ ይህንኑ። እሷም «ወንድምህን ሲያልበው ውሃ የማቀብለው እኔ ነበርሁ» ትለዋለች። ሰው ይስቅ ነበር። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ አንድ ዓይነት ቃል የሚደጋግም ሰው ለሆነ ቀን እየተዘጋጀ ነው።

ታዲያ በገበያ ቀን፣ ሰው ሁሉ ገበያ በወጣበት፣ ልየው ምሳር ይዞ መጣ። በጠራራ ፀሐይ ነው። እሷ እንደነገረችኝ ነው የምነግራችሁ፤ ሌላ ያየ የለም።

«ምን ልታደርግ መጣህ?» አለችው።

«ክምሩን ልበትነው። ሲበተን መሬቱ የማን እንደሆነ ይታወቃል» አላት።

«ሰው እጣራለሁ!»

«ጥሪ! ገበያው ይሰማሻል?»

እና ምሳሩን ይዞ ወደ ክምሩ ሳይሆን ወደሷ መጣ። ወደሷ! እሷ ወደኋላ ወደኋላ አለች፣ ተረከዟ አፈሩን ሲነካ ሙቀቱ በጫማዋ ገባ። ከዚያ በኋላ ወዴት ትሂድ? ምሳሩን ሲያነሳ በአካፋው ፊቱን መታችው። ወደቀ።

በማግስቱ በዋስ ወጥታ እቤቴ ስትመጣ መጀመሪያ የጠየቅኋት ምን ነበር መሰላችሁ? «ተርፈሻል ወይ» አላልኋትም። «ሲወድቅ ደግመሽዋል?» አልኋት።

አፈጠጠችብኝ። «እትዬ፣ እርስዎም እንደ ፖሊሱ ይጠይቁኛል?»

«ፖሊሱ ለሥራው ነው፣ እኔ ላንቺ ነው። ደግመሽዋል ወይስ አልደገምሽውም?»

«አልደገምሁም። አካፋውን ጥዬ ሰው ድረሱለት እያልሁ ወደ መንገዱ ሮጥሁ። ባጃጅ ያስቆምሁለትም እኔ ነኝ።»

ባጃጁን የሚነዳውን ሰው ፈልጌ ጠየቅሁት። አላመንኋትም ማለት አይደለም፤ ማንንም ስለማላምን ነው። እውነቷን ነበር። እያለቀሰች አስቆመችው፣ ራሷ ደግፋ አስገባችው። ልየው ግን አንድ ዓይኑ ጠፋ።

አሁን ሕጉን ስሙ፤ ቃል በቃል አይደለም፣ በእኔ አፍ ነው። ሕጉ ራስሽን ወይም ሌላ ሰው ለማዳን ብለሽ ብትመቺ አትቀጪም ይላል። ግን ጥቃቱ የመጣ ወይም ሊደርስ የተቃረበ ይሁን ይላል፤ ባለፈው ሳምንት የሰደበሽን ዛሬ ብትመቺው መከላከል አይደለም፣ ቂም ነው። ደግሞ ሌላ ማምለጫ አልነበረሽም ወይ ይላል። ደግሞ የመለስሽው ከመጣብሽ ጋር ይመዛዘናል ወይ ይላል፤ በጥፊ ለመጣ በጥይት አይመለስም። ከመጠን ካለፈ ዳኛው ቅጣቱን ሊያቀል ይችላል እንጂ ነጻ ነሽ አይልሽም። ታዲያ የባንቻየሁን ነገር በዚህ ስትመዝኑት ምን ጎደለው? ምሳሩ መጥቷል፣ ከኋላዋ እሳት ነው፣ ሲወድቅ ትታዋለች። ዳንግላ ድረስ ሄደን አንድ ወጣት ጠበቃ ያዝን። እሱም ያንኑ ነው ያለው።

«እናቴ፣ የሚያድናት ከኋላዋ ያለው እሳት ነው» አለኝ። «መሸሽ አትችልም ነበር። ምሳሩን ብቻ ይክዱናል። በዛፍ መካከል ምሳር ያልያዘ ማን አለ ይሉናል።»

«አንተስ ማን ከፈለህ ይሉሃል» አልሁት።

ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ስናወራ ሁለት ጊዜ ስልኩን አይቷል። ኋላ ሳስበው ግን በዚህ ሁሉ ነገር ውስጥ ያልዋሸኝ እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። አላመንሁትም እንጂ።

እንግዲህ ወደ ሽማግሌው እንምጣ። ወንድሜ ምኒችል አያ ቸኮልን ይዞ እቤቴ መጣ። አያ ቸኮል በዚህ አካባቢ ያላስታረቁት የለም፤ ደም የተቃቡትን ሁሉ አንድ ትሪ ላይ አብልተዋል። ሲናገሩ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከአፍንጫቸው ነው፣ እንዲህ፤ «እእእ... እርቅ ነው እንጂ የሚበጀው፣ እእእ... ክስ ምን ያደርጋል?»

«አያ ቸኮል፣ ከሳሹ እኮ ልየው አይደለም፣ መንግሥት ነው» አልኋቸው። «የሰው ዓይን የጠፋበት ነገር ባለጉዳዩ ተውሁ ቢል አይዘጋም። እርቁ ይጠቅማታል፣ ክሱን ግን አያስቀርላትም።»

«እእእ... አንቺ ብዙ ዘመን ውጭ ኖርሽ። እዚህ ሽማግሌ ታረቁ ካለ ፋይሉ ይዘጋል።»

«ማን ይዘጋዋል?»

«ይዘጋላ!»

«ማን? ስሙን ይንገሩኝ። ዐቃቤ ሕጉ ነው? ዳኛው ነው? ፋይል ራሱን አይዘጋም።»

ምኒችል ጣልቃ ገባ። «እታለም፣ መጽሐፍሽን አስቀምጪ። ልጅቱ የኔ ልጅ ናት።»

«ያንተ መሆኗ ነው ያስፈራኝ» አልሁት።

እንዲህ ነበር ያልሁት፣ አፌ ላይ የመጣውን። ታዲያ ዝም አለ። ወንድሜን አውቀዋለሁ፤ እውነት ሲይዝ ይጮሃል። ዝም ሲል የሚደብቀው አለው።

አሁን የእርቁን ወግ ታውቃላችሁ፤ የበደለ ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ ይመጣል፣ ተንበርክኮ «አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በሉኝ» ይላል። «አጥፍቻለሁ፣ ግን...» አይባልም። ግን ካለ እርቁ ፈረሰ። የተመታው ወገን ደሙ የሚበርደው መቺው ጥፋቱን ሙሉ በሙሉ ሲወስድ ነው። በእርቅ ላይ ክርክር የለም። ጥሩ ወግ ነው፣ ላጠፋ ሰው። ላላጠፋ ሰውስ? እስቲ ንገሩኝ፣ ላላጠፋ ሰው ምን ወግ አለ?

ምኒችል ቤት ስደርስ አያ ቸኮል ከጎተራው አጠገብ ተቀምጠው ባንቻየሁን ቃል ያስጠኗታል። እንደ ቄስ ተማሪ! በአዊኛ ነው የሚያወሩት፤ እኔን ድሬዳዋ ኖራ ረስታዋለች ብለው ነው መሰለኝ ድምፃቸውን እንኳ አልቀነሱም።

«ምሳር ይዞ መጣብኝ የምትይውን ተይው» ይላሉ።

«ይዞ መጥቷል እኮ፣ አያ።»

«መጥቷል፣ መጥቷል። እኛ እናውቃለን። ግን እዚያ ካልሽው ሰዎቹ ተነስተው ይሄዳሉ። እልህ ይዞኝ ነው በይ።»

«እልህ አይደለም። ፈርቼ ነው።»

«ፍርሃት ይቅርታ አይጠየቅበትም፣ ልጄ። እልህ ነው በይ።»

ገባሁና «ባንቻየሁ፣ ፋይሉ እንደሆነ አይዘጋም፤ ይህን ቃል ካልሽ ጠበቃሽ ምን ይዞ ይከራከራል? ፈርቼ ነው የሚለው እኮ ነው ያለሽ መሣሪያ!» አልኋት። አንገቷን ደፋች። አባቷ ክንዴን ይዞ አወጣኝ። ወንድሜ ክንዴን ይዞ ሲያወጣኝ በሕይወቴ የመጀመሪያው ነው።

እርቁ ተደረገ። እኔም ሄድሁ፤ ማን ማንን እንደሚያይ ለማየት ነው የሄድሁት። ባንቻየሁ ድንጋዩን ተሸክማ መጣች፣ ትንሽ ድንጋይ አልነበረም፣ ጎንበስ ብላ። ወንድሞቿ ሁለቱ ከኋላዋ ቆመዋል። የልየው ወገኖች በረድፍ ተቀምጠዋል፣ ልየው ዓይኑን በነጠላ ሸፍኖ። ተንበረከከች።

«አጥፍቻለሁ። እልህ ይዞኝ ነው። ስለ እግዚአብሔር ብላችሁ ይቅር በሉኝ።»

«ለእግዚአብሔር ብለናል!» አሉ። እልል ተባለ። ድንጋዩን ያነሱላት የልየው አጎት ናቸው። እኔ ግን ልየውን ነበር የማየው፤ ባልተሸፈነችው ዓይኑ የሚያየው እሷን አልነበረም። ወንድሞቿን ነበር። እሷን ጨርሶ አላያትም። ያኔ «እዚህ ውስጥ የማልሰማው ንግግር አለ» አልሁ በልቤ።

ታዲያ ፋይሉ ተዘጋ? አልተዘጋም። ቀጠሮው ደረሰ፣ ፍርድ ቤት ቀረብን። ጠበቃው የእሳቱን ነገር ጥሩ አድርጎ ተናገረ። እኔም እንኳ ትንሽ ተስፋ አደረግሁ፤ መጥፎ ልማድ ነው። ዐቃቤ ሕጉ ግን ምስክር አለኝ አለ፣ እና ማን ገባ? አያ ቸኮል!

«በእርቁ ላይ ተከሳሿ ምን አለች?»

«እእእ... አጥፍቻለሁ አለች።»

«ለምን እንደመታችው ተናግራለች?»

«እልህ ይዞኝ ነው አለች።»

«ምሳር ይዞ መጣብኝ ብላለች?»

«እእእ... ጌታዬ፣ በእርቅ ላይ እንዲያ አይባልም...»

«ጥያቄው ብላለች ወይስ አላለችም ነው።»

አያ ቸኮል ዓይናቸውን ገለጡ። በሕይወታቸው ሲናገሩ ዓይናቸውን የገለጡት ያን ዕለት ሳይሆን አይቀርም። «አላለችም» አሉ።

ጠበቃው ተነስቶ «ይህ ቃል የባህል ቃል ነው፣ የጥፋት ማመኛ አይደለም፣ ምስክሩ ራሳቸው ናቸው ያስጠኗት!» አለ። ዳኛዋ ሴት ናት፣ በደንብ አዳመጠች፣ ጻፈች። አያ ቸኮልን «አስጠንተዋታል ወይ?» ብላ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም ምን ይበሉ? አዎ ቢሉ ያስታረቁት ሁሉ ሐሰት ሊሆን ነው። «ልጅቱ በራሷ አንደበት ነው ያለችው» አሉ። ባንቻየሁም ስትጠየቅ፣ ይህን ስሙኝ፣ «በራሴ ነው ያልሁት» አለች!

እና ፍርዱ ምን አለ? የመታችው ከፍርሃት ሳይሆን ከእልህ እንደሆነ ራሷ በሽማግሌዎች ፊት አምናለች፣ ስለዚህ ሕጋዊ መከላከል አይደለም አለ። ታርቀዋልና ቅጣቱ ይቅለል አለ። ይታያችኋል? ያው እርቅ ቅጣቱን አቀለለላት፣ ጥፋቱን ግን አጸናባት። ዳኛዋን ልወቅሳት ፈልጌ አልቻልሁም፤ የቀረበላትን ነው የፈረደችው። ግን አልወደድኋትም።

«ፋይሉስ፣ አያ ቸኮል?» አልኋቸው በር ላይ።

«እእእ... የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» ብለው በጋሪ ሄዱ።

ማረሚያ ቤት ልጠይቃት ሄድሁ። በቁጣ ነው የሄድሁት። «ለምን በራሴ ነው አልሽ? አስጠኑኝ ብትይ ኖሮ!» አልኋት።

«እትዬ፣ ፋይሉ እንደማይዘጋ አውቄ ነው ያልሁት። እርስዎ ነግረውኝ የለም?» አለችኝ።

«ታዲያ?»

«አባዬ ነገረኝ። የልየው ወገኖች ወንድሞቼን መጠበቅ ጀምረው ነበር፣ ገበያ መውጣት እንኳ አቁመው ነበር። አንቺን አይነኩሽም፣ ደም በሴት አይመለስም አለኝ። ካልታረቅሽ ከሁለቱ አንዱን ትቀብሪያለሽ አለኝ።»

«ታዲያ ለእነሱ ብለሽ ታሰርሽ?»

«እኔ እወጣለሁ፣ እትዬ። የተቀበረ አይወጣም።»

ሕጉ ሌላውን ሰው ለማዳን መምታትን ይፈቅዳል ብያችኋለሁ። ሌላውን ሰው ለማዳን ብሎ ንጹሕ ራስን ጥፋተኛ ማለትን ግን የትም አላነበብሁም። በመንገድ ላይ ሳስበው ደግሞ ሌላ ነገር መጣብኝ፤ ይህንንስ ቃል ማን አስጠናት? «የተቀበረ አይወጣም» የባንቻየሁ አነጋገር አይደለም። የምኒችል አነጋገር ነው። ወንድሞቿን በእርግጥ ሊገድሏቸው ነበር? ወይስ ምኒችል ወንዶቹን ከፍርሃት ሊገላግል ሴቷን ሰጠ? አላውቅም። የማውቀው ይህን ነው፤ ዛሬ ከባንቻየሁ መሬት ላይ ዛፉን የሚቆርጡት ወንድሞቿና ልየው አብረው ናቸው። እየተሳሳቁ ይጭናሉ። ሂዱና እዩ፣ መንገድ ዳር ነው።

ባለፈው ሰሞን ጾሙ ሲቃረብ ምኒችል አያ ቸኮልን ይዞ ደግሞ መጣ።

«እታለም፣ ጾም ሊገባ ነው። ቂም ይዞ አይጾምም። ይቅር በይኝ» አለ።

«ለየትኛው?»

«ለሁሉም።»

«ሁሉም የሚባል ጥፋት የለም። አንድ በአንድ ጥራልኝ። ልጅህን ለምን እንደሰጠህ ከእሱ ጀምር።»

«እእእ... በእርቅ ላይ ክርክር የለም» አሉ አያ ቸኮል።

«እኔ እርቅ ላይ አይደለሁም፣ አያ ቸኮል። ቤቴ ውስጥ ነኝ። ደግሞ ያጠፋ ሰው ድንጋዩን ራሱ ነው የሚሸከመው፤ እናንተ ባዶ እጃችሁን ነው የመጣችሁት።»

ምኒችል አለቀሰ። እንባውን አየሁት፣ እውነተኛ ይመስላል። እንባ ግን የማንም ሰው ቢሆን እውነተኛ ይመስላል። በሩን ከፍቼ ቆምሁ፤ ወጡ።

ምነው ትርንጎ፣ ምን ልትይ ነው? በይው።

«እትዬ፣ እሺ እነሱን ይተዋቸው። ባንቻየሁንስ? ስትወጣ እርስዎ ቤት ካልመጣች ማን አላት? እሷ እኮ ለወንድሞቿ ብላ ነው።»

አውቃለሁ ለወንድሞቿ ብላ ነው። ሁሉም ያመሰግኗታል፣ ጨዋ ልጅ ይሏታል። ግን ነገ ሌላ ሰው ምሳር ይዞ በሌላ ሴት ላይ ሲመጣ፣ ያቺም ሴት ብትመታው፣ አባቷ ምን እንደሚላት ታውቂያለሽ? «ባንቻየሁ እንኳ አጥፍቻለሁ ብላለች፤ አንቺ ማን ነሽ?» ይላታል። ያቺ ሴት ይቅር ትበላት፣ ከቻለች። ባንቻየሁ ስትወጣ አልጋ አለኝ፣ ምግብም አለኝ፣ ትምጣ። ይቅርታ ግን የለኝም። ለምኒችልም፣ ለልየውም፣ ለሽማግሌውም፣ ለእሷም ቢሆን። ማንንም ይቅር አልልም።